ፍየል የበላው ስንት ነው?

የአክስቴ ልጅ ውለታ ሲጠይቅ በምስጋና ይጀምራል። «አንተ እኮ የኮምፒውተር ሰው ነህ» ካለኝ ቀጥሎ የሚመጣው አልታተም ያለ የልደት ካርድ ወይም የተቆለፈበት ስልክ ነው። ያን ክረምት ግን ነገሩ ከፍ ብሎ መጣ። እሱ የኅብረተሰብ ጤና ሰው ነው፤ ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያና በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ስለ ወባና ስለ አጎበር አጠቃቀም ጥናት ሊሠራ ተነሥቷል። «የዳታውን ነገር አንተ ትይዝልኛለህ። አበል አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስምህ ይገባል» አለኝ።

«ስምህ ይገባል» ሲባል ጆሮው የማይቆም የዩኒቨርሲቲ መምህር ካለ ወይ ፕሮፌሰር ሆኗል፣ ወይ መልቀቂያ አስገብቷል። ጥናቱ ጆርናል ላይ ሲወጣ ከደራሲዎቹ ተርታ ትሰለፋለህ፤ ሌላ ሰው ጽሑፉን በጠቀሰ ቁጥር አንተም ትጠቀሳለህ፤ ሳይቴሽኑ ሲጠራቀም እድገት ትጠይቃለህ። የእድገቱ ጭማሪ ጤፍ የጨመረውን ያህል ባይሆንም፣ እድገት ያው እድገት ነው።

እኔ የማስተምረው ሲስተምስ የሚባለውን ዘርፍ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክ፣ ብዙ ማሽን ተባብሮ እንደ አንድ የሚሠራበት ዘዴ። የዚህ ዘርፍ ሰዎች ምርጥ ሥራቸውን የሚያወጡት በጆርናል ሳይሆን በጉባኤ ነው። ከ1967 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ) ጀምሮ የሚካሄደው ኤስኦኤስፒ አለ፤ በ1994 የተጀመረው ኦኤስዲአይ አለ። እዚያ አንድ ጽሑፍ ያሳለፈ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲያወራው ቢኖር ማንም አይፈርድበትም። እኔ የማውቀው የእድገት ኮሚቴ ፊት ግን ጉባኤ ስትል አንዱ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «እሱ እኮ ፕሮሲዲንግ ነው» ይልሃል። ጉባኤው ዘንድ ለመድረስ ደግሞ ቪዛ የሚባል ተራራ አለ። አንድ ጊዜ ጉባኤው ራሱ ወደ እኛ ሊመጣ ነበር፤ አይሲኤልአር የተባለው ትልቁ የማሽን ለርኒንግ ጉባኤ በሚያዝያ 2020 አዲስ አበባ ሊካሄድ ተቆርጦ ሳለ ኮሮና ገባና ሁሉም ከየቤቱ በስክሪን ተያየ።

እንዲህ ባለ ሁኔታ የእኔ የጉግል ስኮላር ገጽ ምን ሊመስል እንደሚችል አንባቢ ይገምታል። ታዲያ አንድ ቀን ሻይ ቤት አንድ ባልደረባዬ «እንኳን ደስ አለህ፣ ተጠቀስክ!» አለኝ። ብከፍተው ስለ በግ ሰኮና በሽታ የተጻፈ የእንስሳት ሕክምና ጥናት በስሜ ተመዝግቧል፤ ያውም ደህና አድርጎ የተጠቀሰ። ማሽኑ ከስም ሁሉ የመጨረሻው የቤተሰብ ስም ነው ብሎ ያምናል። እኛ ያለን ደግሞ አባት ነው። የሐኪሙ አባትና የእኔ አባት ሞክሼ ሆኑ፣ የሐኪሙና የእኔ ስም የመጀመሪያ ፊደል ገጠመ፣ ሁለት ሰው አንድ ሆነ። እንግዲህ በዓለም ሳይንስ ፊት የሚጠሩት አባቴ ናቸው ማለት ነው። ነፍሳቸውን ይማርና መርካቶ ሸማ ይነግዱ ነበር፤ በግ የሚያውቁት በዓውደ ዓመት ዋዜማ ዋጋ ሲከራከሩ ነው።

ሆርሄ ሂርሽ የተባለ ካሊፎርኒያ የሚያስተምር የፊዚክስ ሊቅ በ2005 አንድ መለኪያ አመጣ። አምስት ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ቢያንስ አምስት ጊዜ ከተጠቀሰልህ፣ ኤች ኢንዴክስህ 5 ነው። አሥር ጽሑፍ አሥር አሥር ጊዜ ከሆነ 10። የእኔ በበጉ ጉልበት 1 ሆኖ ዋለ። ጽሑፉን ከገጼ ሳወጣው ወደ ዜሮዬ ተመለስኩ። ከበጉም የሚብስ አለ፤ ሲሪል ላቤ የተባለ የፈረንሳይ ተመራማሪ በ2010 አይክ አንትካሬ የሚባል ከቶ ያልተወለደ ሊቅ ፈጠረ። ኮምፒውተር በዘፈቀደ የሚደረድራቸውን መቶ ያህል ትርጉም አልባ ጽሑፎች በስሙ አወጣለት፤ እርስ በርሳቸው እንዲጠቃቀሱ አደረገና ኤች ኢንዴክሱን 94 አደረሰው። ያልተወለደው ሰውዬ በጉግል ስኮላር ዓይን አንስታይንን በለጠ።

ወደ ጉዞው ልመለስ። አሶሳ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በላንድክሩዘር። አሶሳ ሲያርፉ መጀመሪያ የሚቀበለው ወበቁ ነው፤ ቀጥሎ ማንጎው። ከሆሞሻ አልፈን ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ስንገሰግስ ሾፌሩ «ዶክተር፣ ቀበቶውን ጠበቅ ያድርጉት» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም። በዚያ መኪና ውስጥ ዶክተር ያልሆንነው እኔና ሾፌሩ ብቻ ነበርን፤ እሱም ሳይሆን አይቀርም ብዬ የጠረጠርኩበት ጊዜ አለ፣ ስለ ወባ መድኃኒት ያስረዳን ስለነበር። ግራና ቀኙ የሽመል ጫካና የማሽላ ማሳ ነው። ወንዙ ዳር ወገባቸውን ታጥቀው ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ቀና ብለው ያዩንና መልሰው ወደ ገበታቸው ያጎነብሳሉ።

የሸርቆሌ መጠለያ የተከፈተው በ1997 ነው፤ በሱዳን መንግሥትና በደቡቡ ሸማቂ ጦር መካከል የነበረው ውጊያ ኩርሙክ ሲደርስ የተሻገረውን ሰው ለመቀበል። በ2011 የብሉ ናይል ጦርነት ሲነሣ ሌላ ማዕበል መጣ። ከታላላቅ ሐይቆች አገሮች የመጡም አሉበት። ስለዚህ «ጊዜያዊ» ተብሎ በተተከለው መጠለያ ውስጥ ተወልዶ፣ እዚያው ተምሮ፣ እዚያው ትዳር የያዘ ወጣት ታገኛላችሁ። ከዳታ ጸሐፊዎቻችን አንዱ እንዲህ ያለው ነበር። ዐረብኛ፣ እንግሊዝኛ፣ አማርኛ፣ የበርታዎቹን ሩጣንኛ አቀላጥፎ ይናገራል። እኔን «ኡስታዝ» ይለኛል። ልደቱን ስጠይቀው «ጃንዋሪ 1» አለኝና ሣቀ። ቀኑን የማያውቅ ስደተኛ ሲመዘገብ የሚሰጠው ቀን እሱ ነው፤ ወረፋው ውስጥ በአንድ ቀን የተወለደው ሰው ብዛት ኮምፒውተሩን የተሳሳተ ያስመስለዋል።

ዳታውን የምናስገባው በኤፒ ኢንፎ ነበር። የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ይህን ፕሮግራም በቃሉ ያውቀዋል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ «ዳታው ወደ ኤፒ ኢንፎ ገብቶ ለትንተና ወደ ኤስፒኤስኤስ ተላከ» ሳይል የተመረቀ ብዙ አላየሁም። ነፃ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ዕድሜ የሚለው ሳጥን ውስጥ 210 ብለህ ብትጽፍ አልቀበልም እንዲልህ ታደርገዋለህ። ጄነሬተሩ በሚጠፋበት ሰዓት የመጨረሻው መዝገብ ተቀምጦ ይጠብቅሃል።

ጄነሬተሩ ከጠፋ በኋላ በሻማ ከርከዴ እየጠጣን፣ የአክስቴ ልጅን «ይህን ፕሮግራም ማን እንደሠራው ታውቃለህ?» አልኩት። «ሲዲሲ» አለ። ልክ ነው፤ አትላንታ ያለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ1985 ነው ያወጣው። ከሠሩት ሰዎች መካከል ግን አባትና ልጅ ነበሩበት። አባትየው አንድሪው ዲን ኤፒዲሚዮሎጂስት ናቸው። ልጁ ጄፍሪ ዲን የተወለደው በ1968 ነው፤ አስሉት፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ይህ ልጅ በ13 ዓመቱ የስምንተኛ ክፍልን የመጨረሻ ወራት ትቶ፣ ወላጆቹ ምዕራብ ሶማሊያ በሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ሲሠሩ ሊያግዛቸው ሄዶ ነበር። ያኔ በሶማሊያ መጠለያዎች የሞላው ሕዝብ አብዛኛው ከኦጋዴን ጦርነት ሸሽቶ የተሻገረ የእኛው አገር ሰው ነው። ይህን ስነግረው የአክስቴ ልጅ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ታዲያ እስካሁን በአሮጌው ዶስ ላይ ነው የሚሠራው?»

እስካሁን እንኳ ዶስ ላይ አይደለም። በ1990 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የኤድስ ፕሮግራም ውስጥ የበሽታውን ስርጭት የሚተነብይ ሶፍትዌር ሠራ፤ በ1996 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ፤ በ1999 ገና ጨቅላ ወደነበረው ጉግል ገባ። በ2004 ከሳንጄይ ጌማዋት ጋር ኦኤስዲአይ ላይ ማፕሪዱስን አቀረቡ። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ትልቁን ሥራ ለሺህ ማሽን ትከፋፍላለህ፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ይሠራል፤ የሞተ ማሽን ካለ ድርሻው ለሌላው ይሰጣል፤ መጨረሻ ላይ ተሰብስቦ ይጠቀለላል። ሸርቆሌም ያደረግነው እሱኑ ነው፤ መጠይቁን ለጸሐፊዎቹ አከፋፈልን፣ አንዷን የምናጠናው ወባ ራሱ ሲያስተኛት ድርሻዋን ለቀሩት ሰጠን። ከዚያ በ2006 ቢግቴብል፣ በ2012 ስፓነር፣ በ2016 ቴንሰርፍሎው ተከተሉ። ማፕሪዱስ ብቻውን ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። በ2013 ከቶማስ ሚኮሎቭና ከሌሎች ጋር ቃላትን ወደ ቁጥር ስለ መለወጥ ያወጣቸው ሁለት ጽሑፎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ያንን ያስከነዳሉ።

ኤፒ ኢንፎን የሚገልጸው ጽሑፍ በ1991 አሜሪካን ጆርናል ኦቭ ፕሪቬንቲቭ ሜዲሲን ላይ ወጥቷል። የደራሲዎቹ ስም ሲጀምር «ዲን ኤ.ጂ.፣ ዲን ጄ.ኤ.» ይላል፤ አባትና ልጅ ጎን ለጎን። እኛ ብንሆን ልጁ በአባቱ፣ አባትየው ደግሞ በራሱ አባት ስም ተጽፈው ዘመድ መሆናቸውንም የሚያውቅ አይገኝ። ለማንኛውም፣ እኔ ያገላበጥኳቸው የወባ፣ የቲቢ፣ የእርግዝና ክትትል መመረቂያዎች ሁሉ ፕሮግራሙን በስም ይጠሩታል፤ የማጣቀሻ ዝርዝሩ ውስጥ ግን ያ ጽሑፍ ብርቅ ነው። ልጁ ጄፍሪ በጉግል ጓዳ የሠራው ሁሉ ተቆጥሮለታል፤ በጉርምስናው የሠራው፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ድረስ የሚያገለግለው ግን እንደ ሣጥን መክፈቻ ተጠቅሞበት የሚተወው በዝቷል። ሳይቴሽን ይህን ዓይነቱን አገልግሎት የሚይዝበት እጅ የለውም።

የሰውዬው ስም ከእኛ ሰው ጋር የተገናኘበት ሌላ ታሪክም አለ፤ ደስ አይልም። ትምኒት ገብሩ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ጊዜ በ15 ዓመቷ ከአገር ወጥታ አሜሪካ ጥገኝነት ያገኘች ናት። በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ባወጣችው ጥናት፣ ለገበያ የቀረቡ የፊት መለያ ፕሮግራሞች የነጭ ወንድ ፆታን ለመለየት ከመቶ አንድ እንኳ የማይሳሳቱት፣ ጥቁር ሴቶች ላይ ስህተታቸው እስከ 34.7 በመቶ እንደሚደርስ አሳየች። በታኅሣሥ 2020 ትላልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ስላላቸው አደጋ የጻፈችው ጽሑፍ ከጉግል አጋጫትና ከሥራ ወጣች፤ እሷ ተባረርኩ ትላለች፣ ኩባንያው መልቀቂያዋን ተቀበልኩ ይላል። የጉግል ኤአይ ኃላፊ የነበረው ጄፍ ዲን ለሠራተኞች ሲጽፍ፣ ጽሑፉ ተገቢ የሆኑ ብዙ ጥናቶችን ስለዘለለ ለኅትመት የሚበቃ አልነበረም አለ። የጽሑፉ ማጣቀሻ 128 ነበር። 128! እኔ እስከ ዛሬ ያወጣሁት ተደምሮ ያንን ያህል ማጣቀሻ አይሞላም። ጽሑፉ በ2021 ወጣ፤ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜም ተጠቀሰ።

ወደ ሸርቆሌ ልመለስ። ከዚያ የሻማ ምሽት በማግስቱ ከአስተርጓሚ ጋር ቤት ለቤት ስንዞር አንድ ሼኽ ቤት ገባን። የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ ግቢያቸው በሽመል ታጥሯል፣ ጥላው ሥር አልጋ ተዘርግቷል። የስምምነት ቅጹን የማንበብ ተራ የእኔ ነበር። «ስምዎ በየትኛውም ቦታ አይጻፍም» የሚለው ላይ ስደርስ አስተርጓሚው በሩጣንኛ አደረሰላቸው፤ እሳቸው ግን በአማርኛ መለሱልኝ። «ለምን አይጻፍም?»

«ለእርስዎ ደህንነት ነው፣ ሼኽ።»

«እኔ ስለ አጎበር ተናግሬ ማን ይገድለኛል?» አሉና መቁጠሪያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «ኪታብ ስንቀራ ነገሩን ማን ከማን እንደሰማው ሳይቆጠር አይነገርም። እገሌ ከእገሌ፣ እገሌ ከእገሌ፣ እስከ ነቢዩ ድረስ። መሐሉ ላይ አንድ ውሸታም ከገባ ነገሩ ሁሉ ይወድቃል። እናንተ ግን ተናጋሪውን ትደብቁና ጸሐፊውን ትጽፋላችሁ።»

የአክስቴ ልጅ የሥነ ምግባር ደንቡን ሊያስረዳ ሞከረ። ሼኹ አዳምጠው ሲያበቁ «እሺ፣ ጠይቁ» አሉ። አጎበሩ ሦስት ነው፤ ሁለቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ጫጩት ይከልላል። ይህንንም ያለ ስም ጻፍነው።

ፍየሏ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ጸሐፊዎቹ የሚሠሩበት ክፍል መዝጊያ አልነበረውም፤ የተሞሉት መጠይቆች ወለሉ ላይ በመንደር በመንደር ተደርድረዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ገንፎውን በባሚያ እየበላን ሳለ አንዲት ነጭ ፍየል ገብታ ከአንዱ መንደር ገጽ ሦስትን ብቻ እየመረጠች በላች። ስንደርስ የመጨረሻው ቁራጭ ከአፏ ዳር ተንጠልጥሎ ነበር፤ «አጎበር ሥር ትናንት ማታ ማን ማን» የሚለው ይነበባል። ከዚያ ዋጠችው።

ሁሉም ዝም አለ። ያ የጃንዋሪ 1 ልጅ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ፣ መዝገቡን ከፈተ፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። 88 «አላውቅም» ነው፣ 99 «መልስ የለም» ነው፣ 77 «አይመለከተውም» ነው።

«ኡስታዝ፣ ፍየል የበላው ስንት ነው?»

ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር ሌላ ቦታ ቢሆን ዶክትሬት ያሰጣል። ስታቲስቲክስ የጎደለ መረጃን ይከፋፍላል፤ በዘፈቀደ የጎደለና በምክንያት የጎደለ። በዘፈቀደ ከሆነ ችግር የለም፤ በምክንያት ከሆነ ውጤትህ ሊጣመም ይችላል። የአክስቴ ልጅ ፍየል በዘፈቀደ ነው የምትበላው አለ። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፍየል በዘፈቀደ በልታ አታውቅም» አለ። ነገሩን ስናጣራ ሾፌሩ ልክ ነበር፤ ገጽ ሦስት ከርከዴ ተደፍቶበት ጣፍጦ ነበር። ጽሑፉ ሲወጣ ግን እንዲህ ይላል፦ «የጎደሉ መረጃዎች በዘፈቀደ እንደጎደሉ ተወስደዋል።»

ስንመለስ ጠዋት በደረቅ ያለፍነው ጅረት ሞልቶ ጠበቀን። መኪናው ገባ፣ ተንገራገጨ፣ መሐል ላይ ቆመ። ውኃው የበሩን ጫፍ ሲነካ መጠይቆቹን የያዙትን ካርቶኖች ጣሪያው ላይ አወጣናቸው፤ ፍላሹን አንገቴ ላይ አሰርኩት። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ደረሱ። ትከሻቸው ላይ በሚያጋድሙት ዘንግ ጫፍና ጫፍ ካርቶኖቹን አንጠለጠሉ፤ ሚዛኑን በእጃቸው እንኳ ሳይነኩ፣ እየተሳሳቁ፣ ጠብታ ሳይነካቸው አሻገሩልን። እኔ በባዶ እጄ ስሻገር ወደቅሁ። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያለው የምስጋና ክፍል ውስጥ እንዲገቡ ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ «ስማቸውን ጠይቀሃል?» ተባልኩ። አልጠየቅሁም፤ ከውኃ ውስጥ ሆነው ስም አይጠይቁም።

ጽሑፉ ለጆርናል ሲዘጋጅ የደራሲዎቹ ዝርዝር ላይ ሸርቆሌን በካርታ እንኳ ያላዩ አንድ ትልቅ ሰው ሁለተኛ ሆነው ተቀመጡ። እኔ ወደ ታች ነኝ። ይሁን። ገና ሳይወጣ የግብዣ ኢሜይል ይጎርፍልኝ ጀመር፤ «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ የላቀ ሥራዎን…» የሚል። በዚህ ነገር የተማረሩ ዴቪድ ማዚየርስና ኤዲ ኮለር የተባሉ ሁለት የሲስተምስ ተመራማሪዎች በ2005 አሥር ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅተው ነበር፤ ከርዕስ እስከ ስዕል «ከዚህ የኢሜይል ዝርዝራችሁ አውጡኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ መሐሉ ላይ ከሚከብድ ስድብ ጋር፣ ይደጋገምበታል። በ2014 አንድ የአውስትራሊያ መምህር ያንኑ ለአንድ ጆርናል ላከው። ገምጋሚው «እጅግ በጣም ጥሩ» አለው፤ ማሳተሚያ 150 ዶላር ተጠየቀ።

የእኛ ጆርናል ይሻላል፤ ቢያንስ ማጣቀሻ ከ40 እንዳይበልጥ ይላል። እኛ ጋ በዝቶ ነበር። የአክስቴ ልጅ ስልክ ደውሎ እየቀነሰ ሳለ «ዲን 1991 ይውጣ» አለ።

«እንዴት ይወጣል? ሥራው ሁሉ በእሱ አይደል እንዴ የተሠራው?»

«ሜቶዶሎጂው ላይ ኤፒ ኢንፎ ተብሎ ተጠርቷል፤ ይበቃዋል።»

«ከትልቁ ሰውዬ አንዱን አውጣ። የእሳቸው ብቻ አምስት አለ፤ አንዱ ስለ ትራኮማ ነው።»

«ጤነኛ ነህ? የእድገት ኮሚቴው ላይ ማን የተቀመጠ መሰለህ?»

ዝም አልኩ። እሱ ግን አዘነልኝ መሰለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ፣ ያ ሰውዬ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። እኛ አንድ ብንጨምርለት ዛሬ ማታ ምን ይሰማዋል? ዜሮ ያለህ አንተ ነህ። ይልቅ በእሱ ቦታ ያንተን አንዷን ላክልኝ።»

«የእኔ እኮ ስለ ፋይል ሲስተም ነው። ከወባ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«ዳታ የሚል ቃል የለበትም?»